አባዬ የላከልኝ ጠብታ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ትከሻሽን ጨምድዶ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ፈቀደላት ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፋ ነው? ልጆችሽ ደህና ናቸው? ባለቤትሽስ፣ ሥራው እንዴት ይዞታል? አባዬን መጨረሻ ላይ ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም፤ ስለ እሱ የምጽፈው ብዙ ስለሆነ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ። ዓይኔም ተሽሎታል፤ ይኸው የምጽፈውን መስመር አጥርቼ እያየሁ ነው።

በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን እኔና አንቺ በስልክ መቼ ተነጋግረን እናውቃለን? ገና "ሃሎ" ስትዪ እማዬ ከኋላሽ "ምን አለች?" ትላለች፣ ልጆቹ ስልኩን ይቀሙሻል፣ አባዬ ደግሞ የሚሰማ እንዳይመስልበት ፊቱን አዙሮ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል። ባለፈው ስንደዋወል "ግን አንቺ እንዴት አወቅሽ?" ብለሽ ጀመርሽና ድምፅሽ ተቆረጠ። እኔ ኔትወርክ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" እላለሁ፤ ለካ እያለቀስሽ ኖሯል። "አባቴን በገዛ እጄ አሳወርኩት" ያልሽው ቃል ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። ሥራ ላይ ሆኜም ይሰማኛል፣ አውቶቡስ ውስጥም ይሰማኛል። ከስፌት ቤታችን አንዷ ልጅ ለእረፍት ወደ እናንተ ስለምትመጣ፣ ዛሬም የእረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ሰላምታውን ግን ለሁሉም አሰሚልኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ፍራሽና ትራስ ነው የምንሰፋው። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መስኮቶቹ ግን ላይኛው ጣራ ሥር ናቸው፤ ጥጡ ከጆንያ በተዘረገፈ ቁጥር ብናኙ መውጫ አጥቶ በራሳችን ላይ ይዞራል። ጠዋት ጠቁሮ የገባ ፀጉር ማታ ሸብቶ ይወጣል። ይህን ችዬው ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉት ዛፎች ቢጫ ዱቄት ማራገፍ ሲጀምሩ ዓይኔ አመፀብኝ። ጠዋት የመስኮቱን ደፍ በጣቴ ስነካው ጣቴ እርድ የነካ ይመስላል። ውጭ ዱቄት፣ ውስጥ ጥጥ፤ ዓይኔ መሸሸጊያ አጣ።

መጀመሪያ ጥጉ ላይ በላኝ። አሸት አደረግሁት፤ ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሜ አሸሁት። ከዚያ በኋላማ እሱ ይበላኛል፣ እኔ አሸዋለሁ፣ እሱ ይብሳል፣ እኔም እብሳለሁ። ቆቡ አበጠ፣ ነጩ እንደ በርበሬ ቀላ፣ እንባዬ ያለ ፈቃዴ መውረድ ጀመረ። ነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ስሰፋ መስመሩ እየጠፋብኝ ትራሱ ወገቡን እንደ ሰበረ ሰው ተጣሞ ይወጣል። አለቃችን አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አየውና ምንም ሳይናገር መለሰው። የሱ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

አሁን የምነግርሽ ቢያስቅሽም አልቀየምም። ሰው ሁሉ የማለቅስ መሰለው። አከራዬ፣ መልካም ሴት ናቸው፣ ሻይ አፍልተው በሬን አንኳኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "የኔ ልጅ፣ ወንድ ይመጣል ይሄዳል፣ ዓይን ግን አይተካም" ብለው ስለ መጀመሪያ ባላቸው አንድ ሙሉ ታሪክ አጫወቱኝ። "ኧረ አለርጂ ነው" ብላቸው "ስሙን አልጠየቅኩሽም" አሉኝ። አለቃዬ ደግሞ ጠርቶኝ አንገቱን ደፍቶ "ማን አረፈብሽ?" አለ። ማንም አለመሞቱን ስነግረው የተናደደ መሰለኝ። ከጎኔ የምትሰፋዋ ልጅ፣ አፏ ስለማይዘጋ "ሬዲዮ" የምንላት፣ አክስቷ እናንተ ሰፈር እንደምትኖር መቼም ታስታውሻለሽ። ወሬው በእሷ በኩል ዞሮ እማዬ ጆሮ እስኪገባ ሳምንት አልፈጀም። እማዬ ደውላ "ማን ነው የበደለሽ? ተናገሪ፣ አልቆጣሽም" ስትለኝ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

የዚያን ዕለት ነው አባዬ ስልኩን ከእጇ የወሰደው። "ዓይን ነው ያልሽው? ለዓይን እኔን ጠይቁኝ" አለ። ድምፁ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር! ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ በዓይኑ የኖረ ሰው አይደል? "እኔም እንደዚሁ ያሳክከኝ ነበር፤ ያቺ ጠብታዬ ጠብ ስትል እሳት ላይ ውሃ ማለት ናት። እልክልሻለሁ" አለኝ። አንቺም ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ካልሲ ውስጥ ከተሽ፣ መንገደኛ ፈልገሽ ላክሽልኝ። አባዬ አዲሱን ለእኔ ሰጥቶ ለራሱ የተጋመሰውን እንዳስቀረ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።

እስኪደርስልኝ ግን አልታገሥኩም። ሬዲዮ "ለሠርግ ስሄድ የማደርጋት አለች፤ ዓይንሽን ወተት ነው የምታስመስለው" ብላ ስሙን ነገረችኝ፤ ከሱቅ ገዛሁ። እውነትም ወተት አስመሰለችው። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው ልጅነቴ የተመለሰ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ከበፊቱ ብሶ ቀላ። ደግሜ ጨመርኩ፣ ነጣ፤ ደግሞ ቀላ። ማሳከኩ እንደሆን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጠርሙሷ ልታልቅ ስትል ዓይኔ ከሰው ዓይን ወጥቶ ነበር። አለቃዬ "እስኪሻልሽ ከስፌቱ ተነሺ" ብሎ የት እንደላከኝ ታውቂያለሽ? ጥጥ መሙያ ክፍል! ብናኙ ከሚፈልቅበት ጉድጓድ። "አዝኜልሽ ነው፣ እዚያ መርፌ የለም" አለኝ። እዚያ የገባ ደግሞ ወደ ስፌት አይመለስም ይባላል። እንዲያ ሆኜ ሳለሁ ነው አንቺ የላክሽው ካልሲ የደረሰኝ።

ልዋሽሽ አልችልም፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አገደኝ። ጠዋት ከሌላዋ ጠርሙስ የተረፈችውን ጠብታ አድርጌ ስለነበር፣ ሁለቱ ዓይኔ ውስጥ ተገናኝተው እንዳይጣሉ ፈራሁ። ጥበብ እንዳይመስልሽ፣ ፍርሃት ነው። ልጠይቅ ብዬ ሁለቱንም ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ እራሷም ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። ሰልፍ ነበር፤ ተራዬ እስኪደርስ የዓይን ጠብታዎቹ የተደረደሩበትን መደርደሪያ ቆሜ አየሁ። እታለም፣ ለዓይን ይህን ያህል ዓይነት ጠብታ መኖሩን ማን ያውቃል! አንዱ "ለደረቀ" ይላል፣ አንዱ "ለቀላ"፣ አንዱ "ለሚያሳክክ"፣ አንዱ ሁሉንም አንድ ላይ ይላል። የእኔ ደግሞ ሁሉም ነው። ተራዬ ሲደርስ "ጠንከር ያለውን ስጪኝ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ጠንካራ እኮ አይደለም የሚፈለገው፣ ትክክለኛው ነው" አለችኝ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። "ያሳክክሻል ወይስ ያምሻል?" አለችኝ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ። "አይደሉም" አለች፤ "ልትቧጭሪው ያምርሻል ወይስ ልትነኪው ትፈሪያለሽ?" ልቧጭረው ያምረኛል አልኳት። "አንዱ ነው ሁለቱም?" ሁለቱም። "ብርሃን ስታዪ ይወጋሻል? ጠዋት መግል አጣብቆት ትነሺያለሽ? እይታሽ ቀንሷል? የዓይን ሌንስ ታደርጊያለሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ?" ሁሉንም የለም አልኩ። እይታዬ ላይ ትንሽ አንገራገርኩ፤ እንባው ሲጠረግ እንደሚጠራ ስነግራት ግን ራሷን ነቀነቀች። "ከነዚህ አንዱን አዎ ብትዪኝ ምንም ሳልሸጥልሽ ሐኪም ዘንድ ነበር የምሰድሽ" አለች።

ያቺን ዓይን የምታነጣዋን ጠርሙስ ሳሳያት ፈገግ አለች። "ይቺ ቀለም ቀቢ ናት" አለችኝ፤ "ደም ሥሩን ጨምድዳ ቅላቱን ትደብቃለች፣ ሥራዋ ሲያልቅ ደም ሥሩ ተበቅሎ ይመለሳል። ለፎቶ ካልሆነ አትንኪያት።" ከዚያ ከመደርደሪያው ሁለት አወረደች። አንደኛው ሰው ሠራሽ እንባ የሚሉት ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ብናኙን አጥቦ ያወጣል። ሁለተኛው ፀረ-አለርጂ ጠብታ ነው፤ ጠዋትና ማታ የሚደረግ። "በአንድ ቀን ተአምር አትጠብቂ፣ ሳትሰለቺ አድርጊው። በእንባው እና በዚህ መካከል ትንሽ ጊዜ ስጪ፣ ካለበለዚያ አንዱ ሌላውን አጥቦ ያወጣዋል። ሲያሳክክሽ እንዳታሺው፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። በሳምንት ለውጥ ካላየሽ ወይም ህመም ከመጣ ወደ እኔ አትምጪ፣ ወደ ዓይን ሐኪም ሂጂ" አለችኝ። የሚዋጥም አለ ወይ ስላት ሥራዬን ጠይቃ፣ የስፌት መኪና ላይ ነው ስላት "አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጣትሽን እንዳትሰፊ" አለች። ደስ ብሎኝ ገንዘብ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት የአባዬ ጠብታ ታየኝና "በዚህ ላይ ይህችንም ብጨምርስ?" ብዬ ሰጠኋት።

ጠርሙሷን አዙራ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች። "ይህንን ከየት አመጣሽው?" አለችኝ። እህቴ ላከችልኝ፣ አባታችን የሚጠቀምበት ነው አልኩ። "ሐኪም ያዘዘለት ነው?" ድሮ አንድ ጊዜ ዓይኑ መግል ይዞ ታዞለት በጣም ስለተስማማው ከዚያ በኋላ ባሳከከው ቁጥር እየተገዛ ያደርገዋል አልኩ። "ከዚያ በኋላ ማለት?" አለች። እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ነው። ከኋላዬ የቆመውን ሰውዬ "ይቅርታ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ" ብላ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

የነገረችኝን እንደገባኝ ልጻፍልሽ። ያ ጠብታ ውስጡ ስቴሮይድ አለበት። መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ሲያዝዘው፣ ለአጭር ጊዜ፣ እየተከታተለ፣ ዓይን ያድናል። ማሳከክም በአንዴ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ተቆጣጣሪ ሳይኖር ለረጅም ጊዜ ከተደረገ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይኑን ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ ሳያም፣ ሳያቀላ፣ ቀስ እያለ እይታን ከዳር ይበላል። መሐሉ ደህና ስለሆነ ሰውየው አያውቅም። ግላኮማ ይሉታል። "ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፣ አትደንግጪ" አለችኝና ቀጥላ "አባትሽ የዓይን ግፊት ተለክቶ ያውቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። አያውቅም። "ከጎን የሚመጣ ነገር ያመልጠዋል?"

እታለም፣ እዚያ ቆሜ የቤታችንን ምሳ ጠረጴዛ አየሁት። በግራው በኩል ያለውን ብርጭቆ ደጋግሞ ሲደፋው፣ እማዬም "እጅህ ከበደ" ስትለው። "እነዚህ ልጆች እንደ ድመት እየተለሳለሱ ከጎኔ ይመጣሉ" ብሎ ሲቆጣ። ወንበሩን ማን አንቀሳቀሰው ብሎ በየቀኑ ሲጣላ፣ እኛም እርጅና ነው፣ ግትርነት ነው ስንል። ይህ ሁሉ ሲመጣብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው አፌ ላይ የመጣው፤ "ልጆቹን ትምህርት ቤት በመኪና የሚያደርሳቸው እሱ ነው" አልኳት። ፋርማሲስቷ እጄን ያዘችው።

የፋርማሲው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የደወልኩልሽ። ለዚህ ነው ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ "የመኪናውን ቁልፍ ደብቂ" ያልኩሽ። አንቺም "አበድሽ እንዴ?" አልሽኝ፤ እውነትሽን ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር። "ጠብታውንም ያዢበት፣ ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው" ስልሽ አባዬ ሰምቶ ስልኩን ቀማሽ። "ከማዶ ሆነሽ ልታዢኝ ነው? ለላክሁልሽ ምስጋናው ይሄ ነው?" ብሎ ዘጋብኝ። ሰው ሁሉ እየተሻገረኝ ይገባል ይወጣል፣ እኔ እንባዬ ይወርዳል። የዚያን ዕለቱ እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ ማንም ግን ዞሮ አላየኝም።

ቀሪውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልጻፈው፣ ምክንያቱም አንቺ ስትነግሪኝ ራስሽን እየወቀስሽ ነው የነገርሽኝ፣ እኔ ደግሞ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ባለቤትሽ "መነጽር እናስለካልህ" ብሎ አባብሎ ወሰደው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች በሙሉ አንብቦ ነርሷን "ሌላ አለ?" ብሎ አሾፈባት። ከዚያ ብርሃን በታየ ቁጥር ቁልፍ የሚያስጫነው ማሽን ፊት አስቀመጡት። በግራ ዓይኑ ሲሞክር በአንድ ወገን ብርሃኑ ይበራል፣ ይጠፋል፣ አባዬ ቁልፉን አይጫንም። አንቺ ከኋላው ቆመሽ ታዪ ነበር። ሲጨርስ "ማሽናችሁ በግራ በኩል ተበላሽቷል፣ አስጠግኑት" አላቸው። ማንም አልሳቀም። ሐኪሙም ከግራ ዓይኑ ጠርዝ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀኙ ግን ገና ብዙም እንዳልተነካና አሁን ከተጠበቀ ሊቆይ እንደሚችል ነገራችሁ።

አሁን ስለ ራስሽ የምልሽን ስሚኝ። ሻጩ አሮጌውን ጠርሙስ አይቶ አዲስ ሲሰጥሽ አንድም ቀን "ለማን ነው? ለምን?" ብሎ አልጠየቀሽም። አባትሽ ዓይኑን በጉልበቱ ሲያሽ አይተሽ የሚያስታግሰውን ገዛሽለት። ያሳከከውን የሚያስታግስ ነገር ማን ይጠረጥራል? እኔስ የምታነጣዋን ጠርሙስ እስክጨርሳት ድረስ ዓይኔ ላይ አላፈሰስኩም? አንቺ ያደረግሽው ፍቅር ነው፤ ዕውቀት አልነበረበትም እንጂ። ደግሞ ይህንን ልብ በይልኝ። ያንን ጠብታ አባዬ ለእኔ ብሎ ከራሱ ባይቀንስ፣ አንቺም በካልሲ ጠቅልለሽ ባትልኪው፣ የማንም ባለሙያ እጅ ላይ አይደርስም ነበር። ማንም መነጽሩን አውልቆ አያነበውም ነበር። እኔ አንድ ጠብታ እንኳ አላደረግሁበትም፤ ግን የአባዬን ቀኝ ዓይን ያተረፈው እሱ ነው። የላካችሁት እናንተ ናችሁ። ስታለቅሺ ይህንንም ጨምረሽ አስቢው።

አዲሱን፣ ግፊት የሚቀንሰውን ጠብታ አላደርግም ብሎ እንዳስቸገረሽ ነግረሽኛል። "ከጠብታ አድኑኝ፣ ስታስለምዱኝም እናንተ፣ ስትነጥቁኝም እናንተ" ማለቱ አይፈረድበትም። ይህኛው አያስደስትም፣ የሚያስታግሰው ማሳከክ የለም፣ አንዳንዴም ያቃጥላል፤ ለዚያ ነው የሚከብደው። ሐኪሙ ባለው ሰዓት ሳይቋረጥ መደረግ አለበት። ፋርማሲስቷ ለእኔ ያሳየችኝን ለእማዬ አሳዪያት፤ እሷ ብታደርግለት ሳይሻል አይቀርም፣ ከእሷ ጋር መጣላት አይችልም። እጇን ትታጠብ። አንገቱን ወደ ኋላ ያድርግ፣ የታችኛውን ቆብ በጣቷ ሳብ ስታደርገው ኪስ ይሆናል፣ እዚያ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም አይንካ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው በኩል ያለውን ጥግ በጣቱ ለጥቂት ጊዜ ይጫን፣ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮው እንዳይወርድ። "ገባ ወይ?" እያለ ዓይኑን ካገላበጠው ይፈስሳል፤ ዝም ይበል። ዝም ማለት ለእሱ ከጠብታው ይልቅ ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ለማሳከኩ ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የእኔን ፀረ-አለርጂ ጠብታ ለእሱ አልልክም፣ እንዳትጠይቂኝም። ከቤታችን የዓይን መድኃኒት በካልሲ መላላክ ይብቃ።

የኔን ብትጠይቂኝ፣ ፋርማሲስቷ የሰጠችኝ ጠብታ ሠርታልኛለች። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ምንም የለም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ ዓይኔን ማሸቴን እንደረሳሁት አስተዋልኩ። ትራሴ ላይ ያለውን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ፣ መስኮቱን ጠዋት አልከፍትም፣ ሥራ ላይ ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር አደርጋለሁ። ሬዲዮ "ጠላቂ ዋናተኛ መሰልሽ" ብላ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀችብኝ፤ አሁን እሷም ገዝታ ታደርጋለች። ጥጥ መሙያ ክፍል ግን ስወጣ ስገባ ቆየሁ። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ቀጥ ያለ አንድ ትራስ ሰፍቼ ካላሳየሁህ እዚያው ተወኝ አልኩት። ሰፋሁ። ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አየውና እንደ ልማዱ ምንም አላለም፤ በማግሥቱ ግን የድሮ ወንበሬ ላይ የሌላ ሰው ጃኬት አልነበረም። ያ ነው ምሥራቹ። ደስታና ድካም እንዲህ አንድ ላይ መጥተውብኝ አያውቁም፤ ቁጭ ብዬ መስፋት ጀመርኩ፣ በቃ።

መኪናውን በተመለከተ ያልሽኝ ነው የሚያባንነኝ። ቁልፉን ማንም ሳይጠይቀው ለባለቤትሽ ሰጥቶ "ልጆቹን ከዛሬ ጀምሮ አንተ አድርሳቸው" ማለቱን፣ ቀኑን ደግሞ ግቢው ውስጥ የቆመው መኪና ውስጥ ገብቶ ሳያስነሳው መቀመጡን። እማዬ "ና ግባ፣ ሰው ምን ይላል" እያለች ትጠራዋለች አልሽ። ተዉት፣ አትጥሩት። ዕድሜውን የኖረው እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ መሰነባበቻ ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ ግን ሥራ ሲቀልልሽ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍተሽ ግቢና ከጎኑ ተቀመጪ። በቀኙ ያይሻል። ምንም አትናገሪ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጊና የሚያወራ ከሆነ ስሚው፣ ካላወራም አብራችሁ በሩን እዩ። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ ስለማልችል ነው አንቺን የማዝዝሽ።

ልጅቷ ይዛልሽ የምትመጣው ትራስ ለአባዬ ወገብ ነው፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ከእኔ መሆኑን ካልወደደው ከሱቅ ነው በይው።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእማዬ፣ ጉልበቷን እየሳምኩ ሰላም በይልኝ፤ ማንም አልበደለኝም፣ ሻዩንም ምክሩንም ከአከራዬ እየጠጣሁ ነው በያት። ለባለቤትሽ፣ አባዬን ስላባበለልኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ሲያደርስ ቀስ ብሎ ይንዳ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ቀጣይ ጊዜ ስልኩን ስትቀማሽ ሰላም ብቻ ብላ እንዳትዘጋብኝ፣ ስለ ትምህርቷ ትንገረኝ። ለትንሹ፣ ከአያቱ በግራ በኩል ሲመጣ "እኔ ነኝ" እያለ ይምጣ፤ ጨዋታ አድርጊለት፣ ይለምደዋል። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ በተለይ ለሬዲዮ አክስት፣ የእህቴ ዓይን ተሽሎታል፣ ለቅሶው ተዘግቷል በይልኝ። ለአንቺም፣ እታለም፣ ትከሻሽን እየሳምኩ፣ ከላዩ ላይ ያንን ሸክም አውርጂልኝ።

ለአባዬ ደግሞ፣ ስደውል ስልኩን እንዲይዝ አድርጊልኝ። ይቅር እንዲለኝ አልለምነውም፣ እንዲያመሰግነኝም አልፈልግም። እንደዚያን ቀን ይቆጣኝ። የወደደውን ያህል ይቆጣኝና፣ ብቻ ድምፁን ልስማው።

ታናሽ እህትሽ

ከክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ፲፩